አስር ሰከንድ

ስልኬን ከድንጋይ ጋር አስደግፌ አቆምኩ፤
እንዳይንሸራተት በጠጠር ወተፍኩ።
መስታወቱ ከዳር እስከ ዳር ተሰንጥቋል፣
ዓይኑ ግን ደህና ነው፤ ለኔ ይበቃኛል።

ጦሳ ገና ጉሙን አልገለጠም።
ደሴ ከታች አለች፤ አትታይም፣ ትሰማለች እንጂ፦
የሚኒባስ ጡሩምባ፣ የወፍጮ ጉምጉምታ፣
አንድ የሚያስል ሰው በደጅ።

አስር ሰከንድ አለኝ።
ቁልፉን ተጭኖ፣ ቀሚስ ሰብስቦ፣ ዘሎ፣
ክንፍን አስተካክሎ፣
አገጭን ቀና አድርጎ፣ ትንፋሽን ውጦ፣
ሌላ ሰው ለመሆን፣ ከራስ ቆዳ ወጥቶ።

ክንፌ የጃንጥላ የጎን አጥንት ነው፤
ባለፈው ሐምሌ ፒያሳ ላይ ነፋስ የገነጠለው።
ያለበስኩት አጎበር፣ ከጤና ጣቢያ የመጣ፣
ሻይ ቅጠል ውስጥ አድሮ የንብ ክንፍ መልክ ያወጣ።
ደረቴ ላይ ያለው ቅርፊት፣ ከሩቅ ብር የሚመስለው፣
አራት መቶ አስራ ሁለት የቢራ ቆርኪ ነው፤
ኮምቦልቻ ወርጄ፣ ከየግሮሰሪው ደጃፍ የለቀምኩት፣
"ምን ሆና ነው?" ሲሉ ያልሰማሁ የመሰልኩት።
ሌሊት ሌሊት በመዶሻ፣ ከትራስ ስር አድርጌ፣
እትዬ ላቀች እንዳትሰማ ትንፋሼን አምቄ፣
አንድ ባንድ ጠፍጥፌ፣ በምስማር በስቼ፣
የሰፋሁት ነው፤ ጣቴን ስንት ጊዜ ወግቼ።
ጅራቴ የካሴት ክር ነው።
የማን ካሴት እንደነበር አልናገርም።

ሰኞ ገበያ ጥግ፣ ከጋሽ ኑርዬ ቤት፣
ሜትር ባንገቴ ካጠለቅሁ ስምንት ሞላኝ ዓመት።
የሙሽራ ወገብ፣ የተማሪ ክንድ፣
ሜትሩን ሲያይ ሆዱን የሚሰበስብ ወንድ፤
የስንቱን ትከሻ በጣቴ ለካሁ!
ክንፌ ላይ ስደርስ ግን የሚለካኝ አጣሁ።
ሞክረሽው ታውቂ እንደሆን፣ የራስ ጀርባ አይለካም፤
እጅ አይደርስም፤ ሜትሩ ይሾልካል፤ መስታወትም አይረዳም።
ግድግዳ ተደግፌ፣ በሲባጎና በጠመኔ ምልክት፣
"ከዚህ እስከዚህ ነኝ" ብዬ ገምቼ ቆረጥኩት።
ጋሽ ኑርዬ ቁርጥራጭ ስሰበስብ አይቶኝ፣
"ምን ያደርግልሻል?" አለ። "ለትራስ" አልኩት፤ አላመነኝ።

አስር፣ ዘጠኝ፣ ስምንት…
የመጀመሪያው ፎቶ ጀርባዬ ብቻ ነው፣ ስሮጥ።
ሁለተኛው አንድ ክንፍና አንድ የፕላስቲክ ጫማ፣
ከድንጋዩ ስዘል፣ ወይ ሳመልጥ።
ሦስተኛው ነጭ ነው። ጉም። ያለሁበት ይመስለኛል፤
ጥግ ላይ የሆነ ጥቁር ነገር አለ፣ ቆርኪ ያብለጨልጫል።
አራተኛው ላይ ክንፌ ዘመመ፤
ሽቦው ከትከሻዬ ወጣ፤ አንዱ ጎን አዘቀዘቀ፣ ሌላው ቆመ።

ያኔ ነው ከጉሙ ውስጥ ዱላ የወጣ፤
ከዱላው ኋላ ካፖርት፣ ከካፖርቱ ኋላ ሰው መጣ።
የማማው ዘበኛ። ዱላውን አነሳ፣ መልሶ ጣለ፤
"ቢስሚላሂ! ሰው ነሽ ወይስ…" ቀሪውን ዋጠና ዝም አለ።
"ሰው ነኝ አባቴ፤ ኑርዬ ዘንድ ነው የምሰፋው።"
"ያጃኢብ!" ጠጋ ብሎ ቅርፊቴን በዱላው ጫፍ ነካው።
"የቢራ ቆርኪ አይደል እንዴ?"
"ነው።"
ሳቀ፤ ሳል እስኪያጣድፈው።
ከዚያ ክንፌን አየ። ሳቁን ተወው።
"አብሽሪ፤ ይመር እባላለሁ፤ ዙሪ።" ከኪሱ ሽቦ አወጣ፣ ቀጭን ናት፣
ካጥር ሥራ የተረፈች፤ በጥርሱ ነክሶ አቃናት።

"አንዴ ብቻ፣ አባ ይመር!" ሮጥኩ፤ ቁልፉን ነካሁ፤
ፊቴን ለስልኩ፣ ጀርባዬን ለሳቸው ሰጠሁ።
አገጬን ቀና ማድረግ ረሳሁ።

አምስተኛው ፎቶ ይሄ ነው፦
የጉም ንግሥት ልትሆን የወጣች ሴት፣ አፏ በሳቅ ተከፍቶ፤
ከኋላዋ አንድ ሽማግሌ፣ ካፖርቱ ጤዛ ጠጥቶ፣
ሽቦ በጥርሱ፣
ሁለት እጁ ጀርባዋ ላይ፤ ልኳን ያወቀ ይመስል እሱ።

ሲጨርሱ እጃቸውን በካፖርቱ ጠረጉና፣
"ልጄን ከሰኔ በፊት ልድር ነው" አሉ፣ "ቀሚስ ስንት ትይናለሽ?"
ትንሽ ቆይተው፦ "ክንፍ ግን ይቅርባት።"

ማታ ቤቴ ሳወልቀው ቆጠርኩ። አራት መቶ አስራ አንድ።
አንዷ ማማው ስር ትሆናለች፣ ወይ ካፖርቱ ኪስ፣ ወይ መንገድ።